በቅጹ ላይ ያለ ክፍት ቦታ

በሶሐር ወደብ ላይ፣ ነሐሴ ሲጋመስ፣
የባሕሩ እንፋሎት መስኮቱን ሲያለብስ፣
አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አምስት ሰው ነበርን፣
ቋንቋው አንድ ሆኖ በ«እሺ» የተቸገርን።

የዮስት «እሺ» ሚስማር ነው፣ ከሮተርዳም የመጣ፣
አንዴ ከተመታ ዳግመኛ ላይወጣ።
ሸኽ ሱወይድ «ኢንሻአላህ» ሲሉ ጢማቸውን ዳሰስ አርገው፣
ገርበብ ያለ በር ነው፤ ሲፈቀድለት ይግባ ሰው።
ቢጁ የኮቺ ልጅ ነው፤ አንገቱን ያወዛውዛል፣
እንደ ሚዛን ምላስ «አዎ»ና «አይ»ን ባንዴ ይይዛል።
ከሞጆ የመጡት አቶ ድንበሩማ
«ችግር የለም» ሲሉ፣ እኔ ነኝ ችግሩን የምሰማ።

እኔ ስንዱ ነኝ፤ አስተርጓሚ፣ ደብዳቤ ጸሐፊ፣
ከአንዱ ጆሮ ወዳንዱ ቃል አሳላፊ።
ደመወዜ በቃል ነው፤ ዝምታ ሂሳብ የለውም፣
የምደክመው ግን ለእሱ ነው፤ ይህን ማንም አያውቀውም።

ውሉ የፍየል ሥጋ ነው፤ አንድ ኮንቴይነር፣ ሃያ ቶን።
ዮስት «አሥራ ስምንት» ብሎ ጻፈ፤ ረሳ አንዲት ጭረት፣
ከዜሮ በታች የምታወርድ፣ የመቀነስ ምልክት።
አየኋት። ወዲያው «ስህተት ያየ አለ?» ብሎ ጠየቀ፣
እስክሪብቶውን ዘርግቶ፣ ከልቡ መልስ እየጠበቀ።

በአገሩ ጥያቄ ጥያቄ ነው፤ የጠየቀ መልስ ይሻል፤
እኛ ጋ አለቃ ሲጠይቅ «አበጀሁ አይደል?» ያለ ይመስላል።
ቢጁ አይቶ ነበር፤ በኋላ ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣
«አለቃን በሰው ፊት ማረም ምን በወጣኝ?» ብሎ ዓይኑን ሸሸገ።
አቶ ድንበሩ አይተው «ፈረንጅ አይሳሳትም» ብለው ራሳቸውን ተጠራጠሩ፣
ሸኽ ሱወይድ ቁጥር አላነበቡም፤ እሳቸው የሰው ፊት የሚያነቡ ነበሩ።
እኔ? እኔማ «ምን ይሉኛል?» ብዬ
ቃሉን ከነጭረቱ ዋጥኩት፣ ምራቄን አስከትዬ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኮንቴይነሩ ተከፈተ፤
ሽታው ቀድሞን ወጣ። የዓሣ ገበያው ድመት ቀረብ አለ፣ አሸተተ፣
ትቶት ሄደ።

ዮስት ስም ፈለገ። «ጥፋቱ የማን ነው? እዚሁ፣ በግልጽ፣ አሁን!»
ሸኽ ሱወይድ ተምር አቀረቡ፤ «መጀመሪያ ቅመሱ፤ ከዚያ ነገሩ ይሁን።»
ማታ በመኪናቸው ወሰዱት፣ ወደ ባሕሩ ዳር፣
ሁለት ሰዓት አወሩ፤ ያለ እኔ፣ ያለ ደብተር።
ጠዋት ዮስት «ሸኹ ለምን አልተቆጡም?» ብሎ ጠየቀኝ፤
«ተቆጥተው ነው ተምር ያቀረቡት» አልኩት። ትክ ብሎ አየኝ።

ከዚያ ቅጽ መጣ፤ ከሮተርዳም፣ በሦስት ቅጂ፣
«የጥፋቱ መነሻ» ይላል፤ ሳጥን ደርድሮ «አንዱን ምረጪ»።
የማሽን ብልሽት። የአየር ጠባይ። የሠራተኛ ቸልተኝነት።
«ሌላ» — ከ«ሌላ» ፊት ክፍት ቦታ፣ የሁለት ጣት ስፋት።

ቸልተኛ አልነበርንም። ሁላችንም ተጠንቅቀን ነበር፣
አንዱ ሌላውን እንዳያሳፍር።
ተጠንቅቀን ተጠንቅቀን ሃያ ቶን ሥጋ አበሰበስን።

በእንግሊዝኛ ፈለግኩላት። «እፍረት» ልል፤ አይደለም።
«አክብሮት»? በከፊል። «ፍርሃት»? የለበትም አልልም።
ሃያ ዓመት የሰው ቃል ሳሻግር ይህቺን አላሻገርኩም፣
ድልድይ አልሠራሁላትም።

እናም በገዛ ፊደሌ፣ በዚያች የሁለት ጣት ቦታ ላይ
«ይሉኝታ» ብዬ ጻፍኩ። ዮስት ጎንበስ አለ ሊያይ።
«ምንድን ነው?» አለኝ። «ጭረቷ ናት» አልኩት፤ «ያቺ የጎደለችው።»
ወንበር ሳበ። ሰዓቱን ከእጁ ፈታና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።
«ንገሪኝ» አለ።
ቢጁ ከበሩ ላይ፣ አንገቱ ቀጥ እንዳለ፣ ገባ።
እኔም ልነግረው አፌን ከፈትኩና፣ ልማድ ሆኖብኝ፣
«ችግር የለም» አልኩ።